ከፋይሌ ግርጌ

ሐብታሙ የሰደበኝ በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ቦታው እዚሁ ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው፣ እኔ ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት የእትዬ ዘቢደር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማንም አልሰማም እንዳይባል እትዬ ዘቢደር ራሳቸው ቆመዋል፣ አንድ የወረዳ ሠራተኛ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ቆሟል፣ ሁለት አስጎብኚዎችም ፈረንጅ ስለጠፋ ሥራ ፈትተው በሩን ተደግፈዋል። ሐብታሙ የእህቴ የውቢት ልጅ ነው፤ ጎንደር ኮምፒውተር ተምሮ እዚያው ይሠራል። አሳደግኩት ባልልም፣ ዳባት ትምህርት ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ሰፍቶት ከጫማው ጫፍ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀንለት ነበር። ያ ልጅ ነው እንግዲህ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩትን ፋይሌን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያንተ ጽሑፍ አይደለም፤ ግማሹን የጻፈው ማሽኑ ነው። አንተ ከላይ ትዘራለህ፣ እሱ ከታች አረም ይዘራብሃል። ደግሞ እይ፣ ‹በእጅህ አትንካ፣ ታበላሸዋለህ› ብሎ ጽፎልሃል» ያለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እትዬ ዘቢደርም ሳቁ። አንደኛው አስጎብኚ «ማሽኑም አውቆሃል ማለት ነው» አለኝ። የእሱን ስም አላውቀውም፤ ፊቱን ግን የትም ባየው አልስተውም።

ስድብ ማለት እናት አባት መጥራት ብቻ አይደለም። ሰው የደከመበትን ነገር በሰው ፊት ያንተ አይደለም ከተባለ ተሰድቧል። ሐብታሙ ደግሞ «አንተ» ነው የሚለኝ። እህቱ ሲሲ እንኳ አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ወርዳ አታውቅም። እሱ ግን ጎንደር ከገባ ወዲህ አጎቱም፣ ጓደኛውም፣ የባጃጅ ሹፌሩም አንድ ሆነውበታል። ያን ቀን ሻይ ልጋብዝህ ሲለኝም ጠጥቻለሁ አልኩት፤ አልጠጣሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልደወልኩለትም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የእትዬ ዘቢደር ኮምፒውተር አሮጌ ነው። ሌላው ሰው የሚጽፍበትን ከባድ ፕሮግራም ሲጭኑበት ያቃስታል፤ ቫይረስም በልቶት ነበር። ሐብታሙ ነው ሁሉን ጠርጎ፣ ግዕዙንም አማርኛውንም የሚጽፍ ቀለል ያለ ፕሮግራም ያስገባበት። ይኼ ፕሮግራም ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚያነበው አንድ ፋይል አለ። የቱን ቁልፍ ስነካ ምን እንዲያደርግ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ስንት እንዲሆን፣ ሁለት ፊደል ስጽፍ የማመልከቻው አርዕስት በሙሉ ተዘርግቶ እንዲመጣ፣ ሁሉም የሚጻፈው እዚያ ነው። እንግሊዝኛው ለኔ ከባድ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ልጅ ሆኜ ደረስጌ ዳዊት ስደግም ትርጉሙን ማን ነገረኝ? በዓይኔና በአፌ ይዤ ነው ያለፍኩት። ይኼንንም እንደዚያው ያዝኩት። ቅንፉ የት ተከፍቶ የት እንደሚዘጋ፣ የቱ መስመር ከየቱ በኋላ እንደሚመጣ፣ አንድ ባንድ በራሴ እጅ ጻፍኩት። ሀብት አላፈራሁ፣ ማዕረግ የለኝ፤ የኔ የምለው ነገር ይኼ ፋይል ነበር።

ከዚያ ሰኞ ወዲህ ታዲያ ማለዳ ገብቼ መጀመሪያ የምሠራው ሥራ ይኼው ሆነ። ፋይሌን እከፍታለሁ፣ እስከ ታች እወርዳለሁ፣ እኔ ያልጻፍኩትን ሁሉ እደመስሳለሁ። ማሽኑ «አትንካ» ብሎ የጻፋትን ጭምር። ዘግቼ ስከፍተው ንጹሕ ነው። ማሽኑ ለምን እንደሚጽፍ ማንንም አልጠየቅኩም፤ የምጠይቀው ሐብታሙን ነበር፣ እሱን ደግሞ አልጠይቅም። ብቻ ማንም ሳያዘው ራሱ እንደሚጽፍ ነበር የማውቀው። ካለፈው መስከረም ወዲህ ደግሞ አዲስ ጠባይ አመጣ። ትቼው ስሄድ ደህና የነበረው ፊደል ጠዋት ስከፍተው አብጦ ይጠብቀኛል፤ አንዱ መስመር ገጹን ይሞላዋል። ግርጌውን ሳይ 220 የምትል ቁጥር ያለባት መስመር አለች። እሷን ከነጓደኞቿ ጠርጌ ስከፍት ፊደሉ ተሰብስቦ ወደ ልኩ ይመለሳል። ቆሻሻው ነው ያሳበጠው አልኩ። አንዳንድ ጠዋት አይመጣም፤ አብዛኛውን ግን ይመጣል።

መስከረም ላይ ሌላም ነገር ሆኖ ነበር። ሲሲ ከዳባት መጥታ እኛ ቤት ገባች፣ እትዬ ዘቢደርም ከሰዓት በኋላውን ለሷ ሰጧት። ማሽኑ አንድ ስለሆነ እስከ ቀትር እኔ፣ ከቀትር በኋላ እሷ እንጽፋለን። በአንድ ወንበር እየተቀያየርን፣ በአንድ ማዕድ እየበላን፣ ሁለቱን ነገሮች አንድም ቀን አላገናኘኋቸውም።

ባለፈው ሐሙስም እንደ ልማዴ ማለዳ ገባሁ። ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል ወጥቶ መናኸሪያውን ሸፍኖታል፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል እንጂ አይታይም። ማሽኑን አበራሁ። ፊደሉ አብጧል። ወረድኩ፣ ጠረግኩ፣ ዘጋሁ። እጄን እያሞቅኩ ሳለ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ፣ እትዬ ዘቢደር ከሚተኙበት ክፍል፣ ስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። ግድግዳው ስስ መሆኑን ያውቃሉ፤ እኔ መግባቴን ግን አላወቁም።

«ልጅሽን ሃናን ለሰኞ ላኪልኝ» ይላሉ ለእህታቸው። «ይቺን ልጅ ዛሬ አሰናብታታለሁ። አዎ፣ የገዱን ዘመድ፣ የጸሐፊዬን። ከተቀመጠች በኋላ ሥራ ለመጀመር ዘመን ይፈጅባታል፤ ሜኑ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ገበያ ቀን ደግሞ መስመር እየዘለለች ከሰው ታጣላኛለች። ምን እኔ ብቻ! አጎቷ አይደል እንዴ ‹ልቧ ሌላ ቦታ ነው› ያለኝ? የሥጋ ዘመዷ ከመሰከረባት እኔ ምን ልጨምርበት?»

ብያለሁ። መካድ አልችልም። ያልኩበትም ምክንያት አለኝ፤ ምክንያት ሳይኖረኝ ሰው አላማም። በጥምቀት ማግስት፣ መናኸሪያው በር ላይ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ቆሜ ሳለ ሲሲ ፊት ለፊቴ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀና ብላ። ፈገግ አልኩላት። አልፋኝ ሄደች። አንገቷን እንኳ አልሰበረችም። ከሰዎቹ አንዱ «የእህትህ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ያን ዕለት ማታ እንጀራ ስታቀርብልኝ ዝም አልኳት፤ ዝም እንዳልኳትም አልገባትም። ከዚያ ሰንበትበት ብሎ እትዬ ዘቢደር «የልጅቱ ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ያችን ቃል ወረወርኩ። ልቧ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቃል ነው። ቃሉ እዚህ የሚደርስ አልመሰለኝም ብል ግን ውሸት ነው፤ ትንሽ እንዲደርስ ፈልጌ ነበር።

ጉሙ ሳይገፈፍ አያ ቢራራ ገቡ። አያ ቢራራ የጊች ሰው ናቸው፤ ጊች የነበረው ሕዝብ ከፓርኩ ሲነሳ እሳቸውም ደባርቅ ወርደው ቤት ሠርተዋል፤ ገብሳቸውና በቅሏቸው ግን ከአፋቸው አይጠፋም። በአባታቸው ውርስ ከወንድማቸው ጋር ፍርድ ቤት ናቸው። በዱላቸው ጠረጴዛውን መቱና፣ «ማነህ አንተ፣ እህቴን ገደላችኋት!» አሉኝ።

«የትኛዋን እህትዎን?»

«ጥበብን ነዋ! ወራሾች ተብሎ ስማችን ሲደረደር እሷ የለችበትም። ዳኛው ‹ይቺ ሴት አለች ወይስ የለችም?› አለኝ። አለች፣ እቤቴ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች አልኩት። ‹ወረቀቱ ግን የለችም ይላል፣ አስተካክለህ ለሐምሌ ና› ብሎ ሸኘኝ። ወንድሜ እንዴት እንደሳቀ ብታይ! ጥርሱ ሁሉ ወርቅ የሆነ ይመስል ነበር።»

የረቂቁን ወረቀት ተቀብዬ ከታተመው ጋር አስተያየሁት። እውነት ነው፣ አንድ መስመር ተዘሏል። ሲሲ የጻፈችው ነው፤ የቅዳሜ ገበያ ዕለት። ይቅርታ ይደረግልን፣ አሁኑኑ ያለ ክፍያ አስተካክላለሁ አልኳቸው። አያ ቢራራ ግን ንዴታቸው አልበረደም። «ያቺ ልጅ እኮ እኔንም ገርማኛለች» አሉ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው። «ገበያ የመጣ ቅቤ ይመስል ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ስታሸተው ነበር። ከዚያ ደግሞ ወደዚህ ወደ መስተዋቱ አጎንብሳ ልትስመው! ሰው ይሰለፋል፣ እሷ ታሸታለች። ምን ሆነሻል ልጄ ብላት ‹ምንም አልሆንኩ አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ› አለችኝ። ልጅቱስ ጨዋ ናት።»

እየጻፍኩ ነበር፣ እጄ ቆመ። አያ ቢራራ «ምነው፣ መብራት ጠፋ?» አሉኝ። መብራቱስ አለ። የቆምኩት ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። በሚያዝያ ሲሲ እናቷን ልታይ ዳባት ሄዳ ሰንብታ ነበር። በነዚያ ቀናት ፋይሌ ንጹሕ ነበር። ምንም አልበቀለበትም፣ ፊደሉም አላበጠም። ያን ጊዜ ማሽኑ ልብ ገዛ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሲሲ በተመለሰች ማግስት ጠዋት 220 ተመልሳ መጣች።

ቀትር ላይ ወደ ቤት ሄድኩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ሲሲ የምትተኛው ጓዳው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ነው። ባለቤቴ ደብረወርቅ ስለ ምስር ዋጋ ታማርራለች፤ ካቻምና ሦስት ጣሳ የምንገዛበት ብር ዛሬ አንዱን አይሞላም፣ ነጋዴው ደግሞ ጠጠር ደባልቆ ይሸጣል ትላለች። ሲሲ በመስኮቱ ሥር ሰፌድ ይዛ ያንን ጠጠር ትለቅማለች። ስትለቅም ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ያን ቀን ግን አየኋት። ሰፌዱን ከጭኗ አንስታ እስከ አገጯ አምጥታዋለች፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች ነው የምትለየው። ደብረወርቅ ከፊት ለፊቷ ሁለት ጠጠር ስታነሳላት ሲሲ አላየቻትም። ወጥ ቀረበ፣ በላን። ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማሽኑ እንዴት ዋለልዎት?» አለችኝ። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ሁልጊዜም የምመልስላት አንድ ነው።

«ደህና ነው።»

«ለርስዎ ደህና ነው» አለች፣ ፈገግ ብላ ለደብረወርቅ። «እኔን ግን አልለመደኝም።» ደብረወርቅ «ማሽንም ባዳ ይለያል?» ብላ ሳቀች። ተነሳሁ። ውሃውን እንኳ አልጠጣሁም።

የደወልኩት መንገድ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆሜ ነው። ጣቴ ስሙ ላይ ብዙ ቆየ። ሁለት ዓመት ተሸክሜ የዞርኩትን ነገር እዚያ ላስቀምጠው ነው ማለት ነው። አነሳው።

«ጋሼ! ምነው በደህና? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሰውስ ደህና ነው። ያን ጊዜ በፋሲካ ማግስት ያልከኝን ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«በየትኛው ፋሲካ? ምን አልኩህ?»

የማስመሰል አይደለም፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ጨርሶ ረስቶታል። ወፍጮው ይጮሃል፤ እኔም መጮህ አማረኝ፣ ግን ምን ብዬ? «ማሽኑ ፋይሌ ግርጌ የሚጽፈውን ነው» አልኩት። «ማን አዞት ነው የሚጽፈው?»

ሳቀ። «ማሽን ማን ሳያዘው ይጽፋል ጋሼ? ሰው ከላይ ሜኑውን ከፍቶ አንድ ነገር መርጦ ሴቭ ሲል ነዋ የሚጽፈው። አሁን የምታየው የሲሲ ይሆናል። ፊደሉን አተልቂው ያልኳት እኔ ነኝ። የጋሼን ጽሑፍ ግን እንዳትነኪ፣ ይከፋዋል፣ ከሜኑ አድርጊው አልኳት። እሷም በእጇ አትነካም፣ ታከብርሃለች።»

«ለምን ታተልቀዋለች?»

«አታውቅም እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንድ ቤት እየኖራችሁ?»

ከዚያ ነገረኝ። ዓይኗ ከዓመት በፊት ጀምሮ ደክሟል። የቅርቡን በግድ፣ የሩቁን ጭራሽ። መነጽር ብዙ አይረዳትም ተብላለች፤ እየባሰ እንዳይሄድ በየጊዜው ጎንደር እየወረደች ትታያለች፣ ለመመላለሻው የምትሠራውም እሷው ናት። እናቷ ሰምታ እንዳትደነግጥ፣ ሰውም ዕውር እያለ ቆርጦ እንዳይጥላት፣ ለማንም አትናገር ብላው ነው። «መንገድ ላይ እንኳ ሰው አጠገቧ ካልደረሰ አትለይም» አለኝ።

መናኸሪያው በር ፊቴ መጣ። ነጠላዋ፣ ቀና ያለ አንገቷ፣ የኔ ፈገግታ። አምስት ወር ሙሉ ያኮረፍኩት ላላየችኝ ልጅ ነበር።

«ብቻ ማሽኑ አስቸግሯታል» ይላል ሐብታሙ። «በየቀኑ ይረሳብኛል ትለኛለች። በዚያ በትንንሹ ፊደል ሜኑ ፈልጋ፣ አስተካክላ፣ ሴቭ ብላ ትወጣለች፤ በማግስቱ ተመልሶ ያንሳል። ሰው ሲበዛባት ደግሞ ትተወውና በዳበሳ ትጽፋለች። ሃርድ ዲስኩ አርጅቶ ነው ብያታለሁ፣ ግን እኮ…» አለና ቆመ። የሚያጠፋባት ማን እንደሆነ የገባው ያኔ ይመስለኛል።

«ጋሼ?»

«እየሰማሁህ ነው።»

«…ምንም። ማሽኑ ጋ ስትደርስ መልሰህ ደውልልኝ።»

አልሰደበኝም። ያን ቀን ሊሰድበኝ ይችል ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ፣ ሐብታሙ ፊደል በፊደል ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። ሁለት መስመር ናት። የመጀመሪያይቱ ለማሽኑ፣ ሰው ከሜኑ የሚመርጠውን ሁሉ እዚህ ሳይሆን በሌላ ፋይል ጻፍ የምትል ናት። ሁለተኛይቱ፣ ስትነሳ ያንን ፋይልም አንብበው የምትል። «ሁለተኛዋን ከረሳሃት ይጽፋል እንጂ አያነበውም፤ ያው መርሳት ነው» አለኝ። አልረሳኋትም። ከዚያ ሜኑውን ከፍቼ የሲሲን መጠን ፈለግኩ። መነጽሬን አድርጌም ቦታው ጠፋኝ፤ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ አንዴ ሌላ ነገር ተከፈተብኝ። ይኼን እሷ በየቀኑ፣ ሰው ተሰልፎ እያየ ነው የምታደርገው። 220 አልኩ፣ ሴቭ አልኩ፣ ዘግቼ ከፈትኩ። ፊደሉ እንደ ብራና ዳዊት ፊደል ሰፍቶ መጣ። ፋይሌን አየሁት፤ ያለሁበት እኔ ብቻ ነኝ፣ ከላይ እስከ ታች። አዲሱን ፋይል ከፈትኩት። እዚያ ውስጥ ያለችው ያች ቁጥር ብቻ ናት። ከመስከረም ጀምሮ ቆሻሻ እያልኩ የጠረግኩት ይኼው ነበር፤ ፊደሉ ትንሽ ይስፋልኝ የሚል ልመና።

እትዬ ዘቢደር ከጓዳ ወጡ። «አንተ ገዱ፣ ሰዓትህ አላለፈም?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ስለ ሲሲ ላናግርዎ ነበር። ጠዋት በስልክ ያሉትን ሰምቻለሁ።»

«ሰማህ? እሰይ፣ እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ ነበር።»

«ሥራው የከበዳት… ጥፋቱ የሷ አይደለም። ፊደሉ ትንሽ ሆኖባት ነው።»

«ትንሽ ሆኖባት?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ዓይኗን ያማታል እንዴ? ዓይን የሌላት ልጅ ነው ጸሐፊ ብለህ ያመጣህልኝ?»

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አዎ ብል የሸሸገችውን ገበያ አወጣዋለሁ፤ እትዬ ዘቢደር ጋ የደረሰ ነገር ከመምሸቱ በፊት ዳባት ይገባል። ሌላው ደግሞ፣ እኔ ነኝ ማለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ያስተካከለችውን ጠዋት ጠዋት የምደመስሰው እኔ ነኝ፣ ያዘገየኋትም መስመር ያስዘለልኳትም እኔ ነኝ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው ያልኩትም ሰላም ስላላለችኝ ነው ማለት። የዓይኗን ሳላነሳ ይኼን ብቻ ማለት ይቻል ነበር። አሁን ሳስበው ይቻል ነበር። ያኔ ግን አፌ ላይ የመጣው «አይ፣ ደህና ናት» የሚል ብቻ ነው።

«እንዲያው ነገሩን» አሉ እትዬ ዘቢደር። «ዘመድ ናት፣ ይገባኛል። ግን ለሃና ቃል ሰጥቻለሁ። ደግሞ መጀመሪያ ያልከውን ነው የማምነው፤ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው የልቡን ነው።»

ሲሲ መጣች። ደፉን በእግሯ ጫፍ ዳብሳ ገባች፣ ወደየትም ሳታይ «እንደምን ዋላችሁ» አለች፤ ማን እንዳለ ስለማታውቅ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እትዬ ዘቢደር አላዘገዩትም። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው እንደሚመጣ፣ የዛሬውን ጨርሳ ብትሄድ ሒሳቧን እንደሚሰጧት፣ በሷ እንዳልከፉ፣ ሥራው እንዳልሆነላት ነገሯት። ሲሲ ቆማ ሰማች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «እሺ እትዬ» አለች። «አስቸገርኩዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

ወንበሩን ለቀቅኩላት። ተቀምጣ እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አስግጋ እጇን ወደ ሜኑው ላከች፤ መንገድ ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተመለሰች። ጀርባዋ ወንበሩን ሲደገፍ አየሁ፤ ወንበሩን ተደግፋ አይቻት አላውቅም። የአንዲት ሴትዮ የእርሻ መሬት ኪራይ ውል ነበር የሚጻፈው። ጀመረች። ጣቷ እንዲያ እንደሚሮጥ አላውቅም ነበር፤ እኔ የማልደርስበት ፍጥነት ነው። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ አተመች። እትዬ ዘቢደር መነጽራቸውን አድርገው ከረቂቁ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት፤ ስህተት ፍለጋ እንደሆነ ያስታውቃል። አላገኙም።

«እንዲህ ትችያለሽ ለካ!» አሉ ተቆጥተው። «ምነው እስከ ዛሬ እንዲህ ብትሠሪ? አሁን ስንለያይ ነው?»

ሲሲ ወደኔ ዞረች፤ ወደ ድምፄ ሳይሆን ወደቆምኩበት ጥላ ነው የዞረችው፣ ትንሽ ወደ ግራ ስታኛለች። ፊቷ ላይ ክፋት የለም። ተገርማለች፣ እንዲያውም ደስ ብሏታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳልነካው አስተካክሎ ጠበቀኝ እኮ! ትናንት ያደረግኩት ሳይጠፋ አድሮ» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ይሄድብኝ ነበር?» አለችኝ።

እትዬ ዘቢደርም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ጃኬቴን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። አንዱ እጅጌ ተገልብጦ ነበር፤ አላቃናሁትም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ውጪ ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ የመናኸሪያው ሰው ወደየበረንዳው ይሮጣል። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ጆሮዬ ወደ ኋላ ነበር፤ የኪቦርዱ ድምፅ አልጀመረም።